ወጥተህ ግባ

ሃያ ሁለት ዓመት ወፍጮ ያዞረ ሰው፣
ከዕድሜው ቀድሞ ዱቄት ያሸበተው፣
"አልገባህም" አለችው የመስኮቷ ልጅ።
"ገብቶኛል፣ ልጄ" አላት፣ "አማርኛ አውቃለሁ እንጂ።"
"እሱን አላልኩም" አለች ገጾቹን ገልጣ፣
"ማኅተም የለበትም፣ በየት በር እንደመጣ።
ቋሚ ነዋሪ ለመባል መግባት ይቀድማል፤
ውጣና በበሩ ግባ፤ ካርዱ ይሰጥሃል።"

በበጋ ነበር የመጣው፣ ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ፣
ሰሊጥ ሊያጭድ ከዳማዚን፣ ከሁለት ወንድሞቹ አብሮ።
ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ ያኔ ማን ነገረው?
ያንን ዛፍ ከዚህኛው ዛፍ ምኑ ነው የሚለየው?
ሰሊጡ አለቀ፣ ወንድሞቹ ሄዱ፣ እሱ ቀረ፤
የቻግኒ ወፍጮ ሞተር ታሞ ሰምቶ "ቆይ፣ ልየው" ብሎ ጀመረ።
ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ የቆርቆሮ ቤት፤
"ቆይ" ያላት ቃል ሃያ ሁለት ዓመት።

ስንነሳ አያ ዳምጤ ከአጥሩ ጥግ ቆመው፣
እንደ ልማዳቸው መረቁት እጃቸውን ዘርግተው፦
"ወጥተህ ግባ!"
በክሪ ሳቀ። "እርስዎም እንደ ልጅቷ?" አላቸው።
ምን እንዳለ አልገባቸውም፤ ሳቁ ግን ጋባቸው።
ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ምርቃት
ለካስ ቴምብር አለው፣ ሦስት ጉርድ ፎቶ፣ ደጅ ጥናት።

ማምቡክ ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ማንኩሽ ሌሊቱ ሞቀ፤
ቀርከሃው እየሳሳ ሄደ፣ መንገዱም እየራቀ።
ፓስፖርቱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በደረት ኪስ፣
ላብ ነክቶት እንደሆን አሥሬ ሲዳብስ።

ድንበሩ ገመድ ነው። እውነቴን ነው፣ ሲባጎ ገመድ፣
ፍየል የማያስቆም፣ ሥር ለሥር ስትሄድ።
ወታደሩ ዝቅ አደረገው፤ በክሪ ተራመደ፤
ጫማው ላይ የኛ ዱቄት እንዳለ፣ ሄደ።

አንድ ሻይ ሻጭ በቋንቋው ጠራው፤ ዞሮ መለሰ፤
ሳቁ ሌላ ሳቅ ነበር፣ እኔ ቤት ያልደረሰ።
በርጩማ ሰጡት፤ ተቀመጠ።
ገመዱን ያዝኩት። ልቤ፣ ምን ልዋሽ፣ ደነገጠ።
ቢቀርስ ማን ይከሰዋል? እዚያም ሰው አለ፣ እዚያም ጥላ፤
የእናቱ መቃብር ከፊቱ፣ የኔ ቤት ከጀርባው ኋላ።
አላየኝም። ወይም አየኝና ዝም አለ።

ብርጭቆውን መለሰ። ሳንቲም ሲፈልግ አጣ፤ ሳቁበት።
ከዚያ መጣ፣ በቀስታ፣ ባዶ እጁን እንደመጣ እንግዳ እንዳፈረበት።

"ከየት ነው የመጣኸው?"
"ከዚያ፣ ከበርጩማው።"
"ወዴት ነህ?"
"ቻግኒ።"
"ምክንያት?"
"ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። ድንጋዩ ደንዟል፤ ካልወቀርኩት አይፈጭም፤
እህል ተሸክሞ የመጣ ሰው ደግሞ እንዲሁ አይመለስም።"
ሹሙ ቅጹን አገላበጠ፤ ለወፍጮ የሚሆን ቦታ የለ፤
"ቤተሰብ" ብሎ ሞላ፤ ማኅተሙን ተነፈሰበት፤ ጧ አለ።
ሰማያዊ። እርጥብ። ትንሽ የተንጋደደ።

እንግዲህ በመዝገብ ባሌ የመጣው ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት፤
የመጀመሪያ ልጃችን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀድማው ኖራለች፤ ትቀበለው፣ ታብላው እራት።

ስንመለስ፣ አይሱዙው ላይ፣ ትከሻዬን ነካ፦
"የሻረግ፣ ያቺ ልጅ 'አልገባህም' ያለችኝ ለካ..."
ጉድጓድ አናወጠን፤ ቀሪውን አቧራ በላው።
እኔም አልጠየቅሁትም። የሻይ ቤቱን ሳቅ ነበር የማስበው።

ቻግኒ ስንደርስ መሽቷል። ከአጥሩ ጥግ፣ ከጨለማው፣
የአያ ዳምጤ ሳል ተሰማ፤ ሰው ሳይ ብለው ነው መሰል ያመሹት፣ ወይ እንቅልፍ አጥተው።
"ገባህ?" አሉ።
"ገባሁ" አለ በክሪ።
ትንሽ ቆየና፣
"ገባኝም" አለ።
መሮውን ሊፈልግ ወደ ጓሮ ዞረ።